የአእምሮ ሕመምና ጠበኝነት፦ ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች የሚደረደሩበትን ክፍል የጎበኘ ሰው አንድ ዓይነት ርዕስ ደጋግሞ ማየቱ አይቀርም፤ «በዚህ ሆስፒታል ክትትል በሚያደርጉ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ላይ የሚታይ የጠበኝነት ባሕርይ መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች»። የሆስፒታሉ ስም ይቀየራል፤ ሕመሙም ስኪዞፍሬንያ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) መሆኑ ቀርቶ አንዴ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ አንዴ ድብርት ይሆናል፤ የቀረው ቃል በቃል ይመሳሰላል ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ ርዕሱን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። መጠይቁ በሌላ አገር ተዘጋጅቶና ተፈትኖ ያለቀ ነው። ተጠኚዎቹ በተመላላሽ ሕክምና ወረፋ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ጥያቄውም ቤተሰብን፣ ሐኪምንና ፖሊስን እኩል የሚያስጨንቅ ነው።

ተማሪው ይመረቃል፤ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ግን ከውስጡ አንዲት ዓረፍተ ነገር አምልጣ ትወጣለች፤ «ከሦስት ሕሙማን አንዱ ጠበኛ ሆኖ ተገኝቷል» እንደምትል ያለች። ቤት አከራዩ ይሰማታል፤ ቀጣሪው ይሰማታል፤ ልጁ ታሞበት ለማን እንደሚናገር ያልወሰነ አባትም ይሰማታል።

ዓረፍተ ነገሯ ሐሰት ላትሆን ትችላለች። ሆኖም የተጠየቁት እነማን እንደሆኑና ከማን ጋር እንደተነጻጸሩ እስካልታወቀ ድረስ ከእርሷ የምንማረው ነገር ጥቂት ነው። ላለፉት ስድሳ ዓመታት በዚህ ጉዳይ የተሠሩት ትልልቅ ጥናቶች ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ታሪክ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠበኛ የሚባለው ማን ነው?

ከመለኪያው እንነሳ። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ አርኖልድ ባስና ማርክ ፔሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1992 ያወጡት ነው። 29 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። መላሹ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እርሱን ምን ያህል እንደሚገልጸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ነገሩ በአራት ዘርፍ ይከፈላል፦ በእጅ መማታት፣ በቃል መጋጨት፣ ቁጣ፣ እንዲሁም በሰው ላይ ቂምና ጥርጣሬ መያዝ። በሕይወቱ ማንንም በጥፊ መትቶ የማያውቅ፣ ግን ቶሎ የሚቆጣና ሰው ከኋላው የሚያማው የሚመስለው ሰው በዚህ መጠይቅ ከፍ ያለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

በሆስፒታሎች የሚሠራበት ሌላው መለኪያ ያለፈውን አንድ ሳምንት የሚመዘግብ ቅጽ ነው። ታማሚው በሳምንቱ ውስጥ ሰድቦ ወይም ዝቶ እንደሆነ፣ ዕቃ ሰብሮ እንደሆነ፣ ራሱን ጎድቶ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው መትቶ እንደሆነ ይሞላል። ለእያንዳንዱ እንደ ጥፋቱ መጠን ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ደግሞ በክብደቱ ይባዛል። ስድብ በ1፣ ዕቃ መስበር በ2፣ ራስን መጉዳት በ3፣ ሰው መምታት በ4። ከዚያ ሁሉም ይደመራል። ተመራማሪው በድምሩ ላይ አንድ መስመር ያሰምርና ከመስመሩ በላይ ያለውን ሁሉ «ጠበኛ» ብሎ ይቆጥራል። መስመሩ ዝቅ ካለ መድኃኒቱን አልወስድም ብሎ የተሳደበ ሰውና ወንድሙን በዱላ የፈነከተ ሰው በአንድ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። በገዛ እጁ ላይ ምላጭ ያሳረፈውም አብሯቸው ይቆጠራል። «ከሦስት አንዱ» የሚለውን አሳጥሮ የሚያወራ ሰው ይህን አይነግረንም፤ ብዙ ጊዜም አያውቀውም።

አደጋን የመድፈር ባሕርይ የሚለካበት መንገድ ደግሞ ጨዋታ ይመስላል። በ2002 ይፋ በሆነ አንድ ዘዴ ተጠኚው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ፊኛ አለ። ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ፊኛው በጥቂቱ ይነፋል፤ 5 የአሜሪካ ሳንቲምም በጊዜያዊ ሒሳብ ይያዝለታል። በፈለገ ጊዜ ያጠራቀመውን ወደ ቋሚ ሒሳቡ አዛውሮ ወደሚቀጥለው ፊኛ መሻገር ይችላል፤ ካልበቃው መንፋቱን ይቀጥላል። ፊኛው መቼ እንደሚፈነዳ ግን አያውቅም። ከፈነዳ የዚያ ፊኛ ሳንቲም ሁሉ ይጠፋል። ይህ በብዙ ፊኛዎች ይደጋገማል። በአማካይ ብዙ የሚነፉት ሰዎች ከጨዋታው ውጭም ለሱስና ለጤና አደገኛ የሆኑ ልማዶች እንዳሏቸው በመጠይቅ ተናግረዋል።

ዘዴው ብልሃት አለው፤ ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ የሚያደርገውን ያያልና። በሳንቲም የሚደረግ ድፍረትና በሌሊት መብራት በሌለው ሞተር ብስክሌት አስፋልት ላይ የሚበር ጎረምሳ ድፍረት አንድ ነው ብዬ ለማመን ግን ይቸግረኛል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። በኮምፒውተር በሚደረግ የመኪና መንዳት ጨዋታ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲጫወቱ ብቻቸውን ከተጫወቱት እኩዮቻቸው ይልቅ እጅግ ደፋሮች ሆነው ተገኙ። ከ24 ዓመት በላይ በሆናቸው ሰዎች ላይ ግን የእኩያ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ድፍረቱ የነጂው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጡትም ድርሻ ያለበት ነው። ይህን እናቆየው፤ ስለ ጠበኝነትም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመናል።

ፍርድ ቤት ያዘዘው ሙከራ

የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማይፈቅደውን ጥናት በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳያስበው አሠራ። ጆኒ ባክስትሮም የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ግዛት በድብደባ ተፈርዶበት ታስሮ ሳለ የአእምሮ ሕመም አለበት ተብሎ ለእስረኞች ወደተዘጋጀ የአእምሮ ሆስፒታል ተዛወረ። የእስር ጊዜው በ1961 አለቀ፤ እርሱ ግን እዚያው ቀረ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ይህ አያያዝ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው እንደ እርሱ የተያዙትን ሌሎችን ሁሉ ስለነካ «የወንጀለኞች እብድ ቤት» ከሚባሉት ሁለት ተቋማት ከ960 በላይ ሰዎች ወደ ተራ የአእምሮ ሆስፒታሎች እንዲዛወሩ ተደረገ።

ተቀባዮቹ ሆስፒታሎች ፈርተው ነበር። ሄንሪ ስቴድማንን ጨምሮ ጥቂት ተመራማሪዎች ግን ሰዎቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውስጥ ጥብቅ ጥበቃ ወዳለበት ተቋም የተመለሱት ከመቶ ሦስት አልሞሉም። ሰው ላይ እጃቸውን ያነሱት ከአምስት አንድ ገደማ ነበሩ። እርግጥ ብዙዎቹ በዕድሜ ገፍተው ነበር፤ ዕድሜ ደግሞ ጠብን ያበርዳል። ያ ቢሆንም በየዓመቱ «አሁንም አደገኛ ነው» እያለ ለሚፈርም ባለሙያ ዕድሜያቸው የተሰወረ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሐኪሞች ትንበያ ላይ ጥርጣሬ ሰፈነ። ጆን ሞናሃን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያና የሕግ መምህር እስከዚያ ድረስ የነበሩትን ጥናቶች አሰባስቦ በ1981 እንደጻፈው፣ ባለሙያዎች «ይህ ሰው ጥቃት ያደርሳል» ብለው ከተነበዩት ውስጥ በትክክል የሆነው ከሦስት አንዱ ቢሆን ነው። ሞናሃን ራሱ በኋላ የተሻለ ጥናት ካሠሩት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ።

ጎረቤትም ሲጠየቅ

የቀደሙት ጥናቶች ትልቁ ጉድለት ሰዎቹን የሚያገኙበት ቦታ ነበር። ጥናቱ የሚካሄደው ሆስፒታል ወይም እስር ቤት ውስጥ ነው። ሰው ሆስፒታል የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠብ ስላነሣ ነው። ቤቱ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሠቃየው አይመጣም፤ ጎረቤት ያስጮኸው ይመጣል። ጠብ ስላነሣ የመጣን ሰው ሆስፒታል ውስጥ አግኝቶ «የአእምሮ ሕመም ጠበኛ ያደርጋል» ማለት ዞሮ ዞሮ መነሻ ላይ መገኘት ነው።

ጄፍሪ ስዋንሰንና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት ጥናት ይህን ሰበረ። ባልቲሞር፣ ደራምና ሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚኖሩ 10,000 ያህል አዋቂዎች፣ የታመሙም ያልታመሙም፣ በቤታቸው የተጠየቁበት ትልቅ የሕዝብ ጥናት ነበር። ባለፈው ዓመት ሰው ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን የተናገሩት ምንም የአእምሮ ችግር ካልተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 2 ገደማ ነበሩ። ስኪዞፍሬንያ ብቻ ካለባቸው መካከል ከመቶ 8 ገደማ። የአልኮል ችግር ካለባቸው መካከል ከመቶ 25 ገደማ። ከካናቢስ ሌላ አደንዛዥ ዕፅ ከሚጠቀሙ መካከል ደግሞ ከመቶ 35 ገደማ።

እነዚህን ቁጥሮች ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ያነባቸዋል። አንዱ «የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ከሌላው ሰው አራት እጥፍ ጠበኞች ናቸው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላው «ከመቶ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን 92ቱ በዓመቱ ማንንም አልነኩም» ይላል፤ እርሱም እውነቱን ነው። ሁለቱ አይጋጩም። ለጋዜጣ አርዕስት የሚመረጠው ግን ሁልጊዜ የፊተኛው ነው። ስዋንሰን ሌላም ስሌት ሠርቶ ነበር፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከነአካቴው ከኅብረተሰቡ ቢጠፋ ጥቃት ምን ያህል ይቀንሳል? መልሱ 4 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው 96 በመቶ ጤነኛ የምንላቸው ሰዎች፣ የስካርና የሌላ ሌላው ጉዳይ ነው።

ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1998 የወጣው፣ በተለምዶ የማክአርተር ጥናት የሚባለው፣ ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ከፒትስበርግ፣ ከካንሳስ ሲቲና ከዉስተር ሆስፒታሎች የወጡ 1,136 ሕሙማን በዓመቱ ውስጥ በየአሥር ሳምንቱ እየተገናኙ ተጠየቁ። የመረጃ አሰባሰቡ በጣም የሚያስተምር ነው። ተመራማሪዎቹ የፖሊስንና የሆስፒታልን መዝገብ ብቻ ቢያዩ ኖሮ በዓመቱ ጥቃት ያደረሱት 4.5 በመቶ ብቻ ናቸው ይሉ ነበር። ታማሚውን ራሱን፣ ከዚያም እርሱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቁ ግን ቁጥሩ 27.5 በመቶ ደረሰ፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። አንድ ጥናት «ጠበኝነት ጥቂት ነው» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማንን እንደጠየቀ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

27.5 በመቶ ያስደነግጣል። ነገር ግን ቡድኑ በፒትስበርግ ሌላ ሥራም ሠርቶ ነበር። ሕሙማኑ ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች 519 ጎረቤቶችን በተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቀ፤ ያው መንገድ፣ ያው ድህነት፣ ያው የመጠጥ ቤት ብዛት። የመጠጥም ሆነ የዕፅ ችግር የሌለባቸው ሕሙማን የመጠጥም ሆነ የዕፅ ችግር ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በሁለቱም ወገን መጠጥና ዕፅ ሲጨመር ጥቃቱ ይጨምራል፤ ችግሩም ሕሙማኑ ላይ ይበልጥ ተስፋፍቶ ይገኛል። የተጎዱትም በአብዛኛው በመንገድ ላይ ያለ እንግዳ ሰው አይደሉም፤ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ ወዳጅ ናቸው፤ ቦታውም ብዙ ጊዜ ቤት ነው። ሌላው ያልተጠበቀ ነገር፦ ከእውነታ የራቀ እምነት መኖሩ ብቻውን፣ ማለትም «ይከታተሉኛል» ወይም «መልእክት ይልኩልኛል» የሚለው፣ ጥቃትን አልተነበየም። ቁጣና በሰው ሁሉ ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ ግን ተነበዩ። እነዚህ ደግሞ ምንም ሕመም በሌለበት ሰውም ላይ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው።

ጥናቱ ነቀፌታ አልቀረበትም። ከተጠየቁት መካከል ብዙዎች አልሳተፍም ብለዋል፤ አልሳተፍም ካሉት ውስጥ ደግሞ በጣም የታመሙት ሊበዙ ይችላሉ። ነቀፌታው ትክክል ነው። እንዲያውም ሲና ፋዘልና ባልደረቦቹ በ2009 ከተለያዩ አገሮች 20 ጥናቶችን ሰብስበው ባወጡት ትንታኔ ልዩነቱ ዜሮ አይደለም። ስኪዞፍሬንያና ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው፣ ሱስ የሌለባቸው ሰዎች ጥቃት የማድረስ ዕድላቸው ከአጠቃላዩ ሕዝብ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ሱስ ከተጨመረበት ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። ነገር ግን ሱስ ብቻ ያለበት፣ ምንም ሌላ የአእምሮ ሕመም የሌለበት ሰውም ሰባት እጥፍ ያህል ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ትንሽ ይጨምራል፣ ጠርሙሱ ብዙ ይጨምራል። አረቄ ቤት አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ዜና አይሆንም። ሆኖም መጠጥ ቤቱን ከመፍራት ይልቅ በዝምታ ከራሱ ጋር እያወራ የሚያልፈውን ሰው የምንፈራው ብዙዎች ነን።

ብርቅ ነገርን መተንበይ

ታዲያ አደገኛውን ከሌላው ለይቶ መያዝ አይቻልም? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ ከሥነ ልቦና ይልቅ የሒሳብ ነው።

በፋዘል ትንታኔ ውስጥ ከስኪዞፍሬንያና ከተመሳሳይ ሕመም ሕሙማን መካከል ሰው የገደሉት ከሺህ 3 ገደማ ነበሩ፤ በአጠቃላዩ ሕዝብ ከአሥር ሺህ 2። አሁን 10,000 ሕሙማን አሉ እንበል፤ ከእነርሱ መካከል 30ዎቹ ወደፊት ነፍስ ያጠፋሉ ብለን እናስብ። በእጃችን እጅግ ጥሩ መመርመሪያ አለ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ካለው ሁሉ የተሻለ፣ ከመቶ 90 ጊዜ ትክክል የሆነ። ከ30ዎቹ 27ቱን ይይዛል። ግሩም ነው። ነገር ግን ከቀሩት 9,970 ሰላማዊ ሰዎች መካከልም አሥር በመቶውን፣ ማለትም 997 ሰዎችን፣ በስሕተት «አደገኛ» ይላቸዋል። በአንድ ላይ 1,024 ሰዎች ተያዙ፤ በእውነት አደገኛ የነበሩት 27 ናቸው። ከመቶ ሦስት አይሞሉም። የባክስትሮም ዘመን ሐኪሞች የተሸነፉት በዚሁ ሒሳብ ነው። የተፈራው ነገር ብርቅ ሲሆን የመመርመሪያው ጥሩነት አያድንም።

የጥቃት ተጋላጭነትን የሚገመግሙ ቅጾች ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ለማን ቶሎ ቀጠሮ እንደሚሰጥ፣ ለማን ቤት ለቤት ክትትል እንደሚያስፈልግ ይረዳሉ። ለማሰር ሲውሉ ነው አደጋው።

ዱላው የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ጥያቄ ይህ ነው። ሊንዳ ቴፕሊን በቺካጎ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 936 ሰዎች አጥንታ በ2005 እንዳሳተመችው፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ የጥቃት ወንጀል ሰለባ ሆነዋል፤ ከአጠቃላዩ ሕዝብ 11 እጥፍ። ያንኑ ሰው ጥቃት አድራሽ ሆኖ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ግማሹን ታሪክ ይጥላል። የሰፈር ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ የሚያባርሩት ሰው አንድ ቀን ዞሮ ድንጋይ ቢያነሣ ቅጹ ላይ የሚሞላው የኋለኛው ድንጋይ ነው።

ከሌላው ሰው ይልቅ ለራስ የሚያስፈራው አደጋም ይበልጣል። ከስኪዞፍሬንያ ሕሙማን መካከል ከመቶ አምስት የሚሆኑት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ። ከላይ ካየነው የነፍስ ግድያ ቁጥር ጋር ስናስተያየው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የራሷ መረጃ አላት፤ ያውም ብዙ አገሮች የሌላቸው ዓይነት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። አብዛኞቹ ሐኪም አይተው የማያውቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ የአሥር ዓመቱን ውጤት በ2015 ሲያሳትሙ የተገኘው ከባድ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። ከሟቾቹ ግማሽ የሚጠጉትን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። እንግዲህ የቡታጅራን እብድ ከሚያስፈሩት ነገሮች መካከል ሳንባ ምችና ቲቢ ይገኛሉ፤ ለእነርሱ ግን ማንም ሰንሰለት አያዘጋጅም።

ሰንሰለቱና መድኃኒቱ

ሰንሰለት ስል በምሳሌ አይደለም። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ ሎራ አሸርና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች በቤታቸው ስለሚታሰሩበት ሁኔታ የሠሩት ጥናት በ2017 ታትሟል። ቤተሰቦች ልጃቸውን የሚያስሩት ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። ሰው እንዳይመታ፣ ራሱን እንዳይጎዳ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ሰዎች እንዳይደበድቡት፣ ጠበል ወይም ጤና ጣቢያ ለማድረስ ያስራሉ። ከሁሉም በላይ ግን አቅማቸው የሚፈቅደው ሕክምና በቅርብ ስለሌለ ያስራሉ። ፍርሃቱ ሁልጊዜ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ያልታከመ ሰው አንዳንዴ በእርግጥ ይማታል።

ለዚህም ጥናት አለ። ኦላቭ ኒልሰንና ማቲው ላርጅ በ2010 የተለያዩ አገሮችን መረጃ ሰብስበው እንዳሳዩት፣ ከእውነታ በሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ምክንያት ከተፈጸሙ ግድያዎች ከአሥር ወደ አራት የሚጠጉት የደረሱት ታማሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕክምና ከማግኘቱ በፊት ነው። ሕክምና ከጀመረ በኋላ አደጋው እጅግ ይወርዳል። በስዊድን ደግሞ ፋዘልና ባልደረቦቹ በ2014 ከ80,000 በላይ መድኃኒት የታዘዘላቸውን ሰዎች መዝገብ ከፖሊስ መዝገብ ጋር አገናኝተው አዩ። የንጽጽሩ ብልሃት ይማርካል፤ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ከማይወስደው ሌላ ሰው ጋር አላነጻጸሩም፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውና የማይወስድ ሰው በብዙ ነገር ይለያያሉና። ያንኑ ሰው መድኃኒት በሚወስድባቸው ወራትና ባቆመባቸው ወራት ከራሱ ጋር አስተያዩት። ለስኪዞፍሬንያና ለመሳሰሉት የሚሰጠው መድኃኒት በሚወሰድባቸው ወራት የጥቃት ወንጀል 45 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ለሰንሰለቱ ጥያቄ ከማንኛውም ስብከት የተሻለ መልስ ይመስለኛል።

መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ክኒኑን ገዝቶ፣ አስታውሶ፣ ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ሶዶ ውስጥ የዚህ ሙከራ ተደርጓል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ለሥራው ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ያህል ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ ቤተሰቡን አስተማሩ፣ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮው እንዲመለስ ረዱ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የእምነት አባቶችም አነጋገሩ። በ2022 የታተመው ውጤት ይህ ድጋፍ የተጨመረላቸው ሰዎች የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት እንደቻሉ ያሳያል። ቀደም ሲል ስለ ጎረምሶቹ ያነሣሁት ነጥብ እዚህ ይሠራል፤ በሰው ባሕርይ ውስጥ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ድርሻ አላቸው፤ ለክፋትም፣ ለደግነትም።

ለሚቀጥለው ተመራቂ

አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የስዊድንን መዝገብ ሊያገኝ አይችልም፤ ገንዘቡም ጊዜውም ማክአርተርን ለመድገም አይበቃም። በአንድ ጊዜ ተጠይቆ በሚያልቅ መጠይቅ መንስኤና ውጤት አይለይም። ጫት የሚቅሙት ሕሙማን ይበልጥ ጠበኞች ሆነው ቢገኙ ጫቱ አስቆጥቷቸው ይሁን ወይስ የተረበሹት ይበልጥ ስለሚቅሙ ይሁን መጠይቁ ሊነግረን አይችልም፤ በውይይት ክፍሉ ላይ ግን «ጫት ጠበኝነትን ያስከትላል» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። አማካሪ መምህራን እዚህች ቃል ላይ ጠንከር ቢሉ መልካም ነው፤ «ያስከትላል» እና «አብሮ ይታያል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚያው በአንድ ዓመት ጊዜና በዚያው ወረፋ ላይ ግን ብዙ ማሻሻል ይቻላል። ታማሚውን ይዞ የመጣውን ወንድም ወይም እናት ለብቻ መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም፤ ማክአርተር እንዳሳየው መዝገቡና ታማሚው ያልነገሩን ነገር እርሱ ጋ ሊገኝ ይችላል። ስድብን፣ ዕቃ መስበርን፣ ራስን መጉዳትንና ሰው መምታትን በአንድ ድምር ከማጥፋት ለየብቻ በሰንጠረዥ ማሳየት ይቻላል። በዚያው ሆስፒታል በሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ክትትል የመጡ ሰዎችን ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ንጽጽር ይሰጣል፤ ከጎረቤት ጋር እንደማነጻጸር ባይሆንም ካለምንም ይሻላል። ቅጹ ላይም «ባለፈው ሳምንት ማንን መታ?» ከሚለው አጠገብ «ባለፈው ሳምንት እርሱን ማን መታው?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።